የኮክ ምስክር

ማንደፍሮ ሽብሩን የሰደበችው ዶክተር ትርሲት አበጋዝ ናት። ዕለቱ ዓርብ፣ ኅዳር 9 ቀን 2099 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ የጣዕም ምስክር ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው የመቅመሻ አዳራሽ። በአዳራሹ ሠላሳ አንድ ሰው ነበር። ከነሱ ውስጥ አሥራ ሁለቱ እንደሳቁ፣ አንዱ ደግሞ ሳቁን በመሐረብ እንደሸፈነ ማንደፍሮ እስከ ዛሬ አልረሳም።

ወደ ምስክር የሚያልፈውን አስቀድማ የምትለየው እሷ ነበረች፤ ያመጣላትን ቢራ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለችለት። አፏ ውስጥ አዟዟረችው። ከዚያ እግሯ ሥር ወዳለው ባልዲ ተፋችና ከንፈሯን በነጭ ፎጣ ጠረገች።

«ኮክ ነው ብለህ ነው ያመጣኸው?» አለችው።

አዎ አላት። በልጅነቴ በልቻለሁ፣ አጎቴ ጓሮ አንድ ዛፍ ነበር አላት። እሷ ፊቷ ያለውን ሰሌዳ በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ የትውልድ ዘመኑንና የትምህርት ደረጃውን አነበበች።

«የመጨረሻው የኮክ ዛፍ የተቆረጠው አንተ ከመወለድህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የስምንተኛ ክፍል አፍንጫ ይዘህ መጥተህ እዚህ አትዋሽ።»

ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። የሚቀጥለውን ተረኛ ጠራች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳው ነበር። ማንደፍሮ ግን የሚረሳ ሰው አይደለም። የሁለተኛ ክፍል መምህሩ በየትኛው እጁ እንደመታው ያውቃል። የሚስቱ ወንድም በሠርጉ ቀን «ጋን አጣቢ» ብሎ ሲጠራው አጠገቡ ማን ማን ቆሞ እንደነበር ዛሬም ይዘረዝርልሃል። የትርሲት ስድብ ግን ከሁሉም ይለያል። የተሰደበው እውነቱን ተናግሮ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ2066 ዓ.ም.፣ ማንደፍሮ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አጎቱ እጁን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው። ዋግ መታቸው የተባሉት ዛፎች ሁሉ በአዋጅ ተቆርጠው ካለቁ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። አጎቱ ግን አንዷን በካብና በቆርቆሮ ከልሎ ደብቋት ኖሯል። ከጋቢው ሥር አንድ ፍሬ አወጣና ሰጠው። ለማንም እንዳትናገር አለው። የፍሬው ጸጉር የልጁን ከንፈር አሳከከው። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ። መጀመሪያ ጣፈጠው፣ ወደ ድንጋዩ ሲጠጋ ኮምጠጥ አለው፣ ድንጋዩን ሲልሰው ደግሞ መረር አለው። በቃ፣ በሕይወቱ የበላው ፍሬ እሱ ብቻ ነው። በዓመቱ ያችንም ዛፍ ዋግ መታት፤ አጎቱ ሰው ሳያይ ቆርጦ አቃጠላት። በመዝገብ ላይ የለችም።

አሁን ፍራፍሬ በዛፍ ላይ አይታይም። ሕፃናት ጥርሳቸው እየረገፈ በየጤና ጣቢያው የተሰለፉባቸው፣ ሰው «የድድ ዓመታት» የሚላቸው ዓመታት ካለፉ ወዲህ፣ መንግሥት ለየቤቱ እርሾ ያድላል። እርሾው ለሰውነት የሚያስፈልገውን ሁሉ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጣዕሙም የጠፋው ፍሬ ጣዕም ነው። በእርሾው የሚጠመቀው ቤልጂግ የሚባለው ቢራ ነው። ለምን ቤልጂግ እንደተባለ የሚጠይቅ የለም። ማንደፍሮ ቤልጂግ የአገር ስም መሆኑን የሰማው አርባ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ ያንንም ቢሆን አላመነም።

ጠዋት ጠዋት አዋቂ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ሕፃን ደግሞ አስካሪው በእሳት የወጣለት አንድ ማንኪያ ይሰጠዋል። ግዴታ ነው፤ በየማጀቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ማን እንደጠጣና ማን እንዳልጠጣ ያሳያል። እናቶች «ሙዝህን ዋጥና ሂድ» እያሉ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ይሸኛሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሙዝ ሳሉ ሲባሉ ልጆቹ ጠርሙስ ይስላሉ፣ ከላዩም ቢጫ አረፋ። ሙዝ ድሮ ይላጥ ነበር ስትላቸው አስተማሪዋ የምትቀልድ ይመስላቸዋል።

እርሾዎቹ በፍሬ ስምና በቁጥር ይጠራሉ፤ ሙዝ አምስት፣ አናናስ ሁለት፣ ኮክ ሦስት። አንድ እርሾ የፍሬ ስም እንዲያገኝ ሕጉ የሚጠይቀው ምስክር ነው። ከ2055 በፊት የተወለደ፣ ፍሬውን በአፉ የበላ፣ መብላቱንም የማለ ሰው ቀምሶ «ነው» ማለት አለበት። ማሽን አይበቃም ወይ የሚሉ ነበሩ። ማሽኑ የሚያውቀው ግን ምስክሩ የነገረውን ነው።

ምስክር የተከበረ ሰው ነው። ቤት ይሰጠዋል፣ ነርስ ይመደብለታል። ከቤቱ ሲወጣ አፍንጫው እንዳይበላሽ በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ሽንኩርትና በርበሬ በደረሱበት አይደርስም። አውቶቡስ ውስጥ ሲገባ ሰው ይነሳለታል፣ አጠገቡ ያለውም እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። ልጆች እንኳ ይህን ያውቃሉ። የአንድ ፍሬ የመጨረሻው ምስክር ሲሞት ግን የፍሬው ስም ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ስም አዲስ እርሾ አይመዘገብም። በ2118 ለኮክ የቀሩት ምስክር አንድ ብቻ ነበሩ፤ አባባ ጌራወርቅ፣ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት።

ማንደፍሮ በቀበሌው ጠመቃ ቤት ጋን ሲያጥብ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ያልተማረ ነው ቢባልም እርሾ ያውቃል። ከጋኑ ሥር የተኛውን አተላ አሽትቶ ሳምንቱን ሙሉ ምን እንደደረሰበት ይነግርሃል። የተማሩት እርሾ አብዝተው ይጨምሩና ለምን አልሸተተም ብለው ይጨነቃሉ። እሱ ከልኩ አሳንሶ ይጨምራል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ያስጀምረዋል፣ በሦስተኛው ቀን ማሰሮውን በጋቢ ጠቅልሎ ምድጃ ዳር ያስጠጋዋል። እርሾው ሲርበውና ሲሞቀው ነው ፍሬ ፍሬ የሚለው። ጠግቦ የሠራ እርሾ አልኮል ሰጥቶህ ይተኛል።

ከስድቡ በኋላ ባሉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ቤቱን በብልቃጥ ሞላው። ከወይራ ቅርፊት፣ ከጽድ ሙጫ፣ ከቀጋ አበባ፣ ከንብ እግር ሳይቀር እርሾ አጥምዶ ከራሱ እርሾ ጋር አዳቀለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ የግዴታውን ብርጭቆ፣ ለሱ ቤት የሚታደለውን ኮክ ሦስት፣ ከጠጣ በኋላ፣ ከየብልቃጡ የተጠመቀውን በማንኪያ በማንኪያ ይቀምሳል። ዓይኑን ይጨፍናል። የአጎቱን ጓሮ ያስባል። ለዚያ ፍሬ የቀረበውን አንዱን ያስቀርና የቀረውን ይደፋል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ከቀረው ይነሳል። አንድም ቅዳሜ አላለፈውም። ልጁ በተዳረች ቅዳሜ እንኳ ሙሽሪት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጠብቃዋለች።

ስንቅነሽ፣ ሚስቱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የምትለው አንድ ነገር ነው። «ያቺ ሴትዮ እዚህ ቤት ስሟ ከኔ ስም በላይ ነው የሚነሳው። አንድ ቀን ምሳ ልጥራትና ይለይልን» ትለዋለች። እሱ አይስቅም። እሷም መልስ ጠብቃ አታውቅም፤ ብልቃጦቹን ገፋ አድርጋ ሽሮዋን ታማስላለች።

በ2118 ሚያዝያ ላይ የእርሾ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ሁለት ትሑት ወጣቶች ናቸው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት። የሚያሸት መሣሪያቸውን በየጥጉ አዞሩ፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በሳጥን ደረደሩ፣ ያልተመዘገበ እርሾ ቤት ውስጥ ማኖር ክልክል መሆኑን አስረዱት። ሁሉም እርሾው እስኪሞት በእሳት ይፈላል አሉት። በሕጉ መሠረት አንዷን ብቻ መርጦ በሰባት ቀን ውስጥ ለምስክር ማቅረብ ይችላል። ካለፈች ትመዘገባለች፣ ካላለፈች እሷም ትፈላለች። ማንደፍሮ የቅዳሜዋን ብልቃጥ አነሳ። ወጣቶቹ ሳጥኑን ተሸክመው ሲወጡ ስንቅነሽ ምሳ ብሉ አለቻቸው፤ አመስግነው ሄዱ።

በስድስተኛው ቀን የሠርጉን ኮት ለበሰ። ብልቃጧን በደረት ኪሱ፣ የተጠመቀውን ቢራ በጠርሙስ አድርጎ በፌስታል ያዘ። ስንቅነሽ በሩ ላይ የኮቱን አንገት አስተካከለችለት።

«ከዘጋችብህ ዝም ብለህ ና» አለችው። «አትመልስላት። አንተ መመለስ ስትጀምር አታቆምም።»

አዳራሹ ያው ነው፣ ወንበሩ ብቻ ተቀይሯል። ሰውም አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማየት የሚመጣ ድሮ ቀረ። ትርሲት የቤቱ ኃላፊ ሆናለች፣ ጸጉሯ ነጥቷል። ማንደፍሮ ስታየው ምን እንደምትሆን ስንት ጊዜ በሐሳቡ ሠርቶታል። እሷ ግን ሰሌዳዋን አየችና «እንኳን ደህና መጡ፣ ይቀመጡ» አለችው። አንተ ብላ የሰደበችው ሴትዮ እርስዎ ስትለው ስድቡን የሰረቀችበት መሰለው።

አባባ ጌራወርቅን ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር አስገባቻቸውና ከአፍንጫቸው ላይ ጨርቁን ፈታች። ሦስት ብርጭቆ ቀረበላቸው፤ አንዱ ምንም የማይሸት፣ አንዱ ኮክ ሦስት፣ አንዱ የማንደፍሮ። የትኛው የማን እንደሆነ አይነገራቸውም። ሽማግሌው የመጀመሪያውን አሽትተው ወደ ጎን አደረጉት። ሁለተኛውን ቀመሱና እንደ ለመዱት ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ላይ ቆዩ። ደግመው ቀመሱ። ማንደፍሮ ዓይኑን ከሽማግሌው ጉሮሮ ላይ አልነቀለም።

«ይቀርባል» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ከመጣው ሁሉ ይኼ በጣም ይቀርባል። ግን አይደለም።»

ትርሲት ጻፈች። ብልቃጧ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ወደ ማፍያ ክፍል እንደምትወርድ፣ ቅሬታ ካለ ቢሮዋ ድረስ መምጣት እንደሚቻል ተናገረችና ወጣች። የዘጠኝ ደቂቃ ሥራ ነበር።

ማንደፍሮ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።  ሽማግሌው አጠገቡ ነበሩ፤ ነርሷ መኪናው መድረሱን ልታይ ወርዳለች። ጨርቁ አገጫቸው ላይ ወርዶ ተንጠልጥሏል። ወደ እሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ በልቻለሁ ብለሃል አሉኝ። እውነት ነው?»

እውነት ነው አላቸው። በቁጣ ነበር ያለው።

«ጸጉር ነበረው የሚሉትስ?»

ማንደፍሮ መጀመሪያ የሚፈትኑት መሰለው። ቀና ብሎ አያቸው። የሽማግሌው ፊት የሚፈትን ሰው ፊት አልነበረም። መንገድ የጠፋው ሰው የሚጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቁት።

«አባባ፣ እርስዎ አልበሉም እንዴ?»

«እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቆላ ነው፤ ኮክ የት አባቱ ይበቅላል? ማንጎማ ስንት በልቻለሁ። የምስክር ምዝገባው ሲመጣ ሥራ ፈት ነበርኩ። የማንጎው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ወርዷል። የኮክ መስኮት ላይ ሰው የለም። ሄጄ ቆምኩ።»

ማንደፍሮ ምን ብለው እንደማሉ፣ ምን ብለው እንደነገሯቸው ጠየቃቸው። ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው።

ሽማግሌው ሳይቸኩሉ ነገሩት። እናታቸው እንግዳ ሲመጣ ብቻ የምታወጣው አንድ ሳሙና ነበራት፤ ወረቀቱ ላይ ቀይና ቢጫ ፍሬ ተስሏል፣ ከሥዕሉ ሥር ኮክ ይላል። ልጅ ሆነው እየሰረቁ ያሸቱት ነበር። ሳይንቲስቶቹ ንገሩን ሲሏቸው እሱን አስታወሱ። አንድ ዓመት ሙሉ እርሾ እያመጡ ሲያቀምሷቸው፣ ያ ሳሙና እስኪመጣ ድረስ አይደለም፣ አይደለም እያሉ መለሱ። አንድ ቀን መጣ። ነው አሉ። ኮክ ሦስት እሱ ነው።

«ዋሹ እንዳትለኝ» አሉት። «ያሸተትኩትን ነው የተናገርኩ። ደግሞ እኔ ብቻ አልምሰልህ። የወይኑ ምስክር፣ ነፍሱን ይማረው፣ የበላው ከረሜላ ነው። የአናናሱን አላውቅም። እኛ እርስ በርስ አንጠያየቅም።»

ማንደፍሮ አፉ ውስጥ የጠዋቱ ብርጭቆ መጣበት። ሃምሳ ዓመት የጠጣው ነው። ልጁ ጥርስ ስታወጣ በማንኪያ ያበላት፣ እሷም በተራዋ ልጇን የምታበላው ነው። አሁን ግን ምላሱ ላይ አረፋው ሌላ አረፋ ሆነበት። ትፍ ሊል ፈለገ፤ የሚተፋበት አጣ።

«ታዲያ ለምን አሁን ይነግሩኛል?»

«ሳልሞት ልወቀው ብዬ ነው። ሌላ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ጸጉር ነበረው ወይ?»

ነበረው አላቸው ማንደፍሮ። ከንፈር ያሳክክ ነበር አላቸው። ሽማግሌው ይህን ሰምተው የራሳቸውን ከንፈር በጣታቸው ነኩ። ሳሙናው ላይ ያለው ሥዕል ጸጉር አልነበረውም አሉ። ነርሷ መጣችና ጨርቁን መልሳ አሰረችላቸው። ከአሳንሰሩ የሚወጡት ሁለት ሰዎች ሽማግሌውን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይዘው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

ማንደፍሮ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ እንደዚህ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም። ልቡ ይመታ የነበረው በድንጋጤ ብቻ አልነበረም። እዚያ ውስጥ ደስታም ነበረበት፣ እሱ ራሱ ያፈረበት ደስታ። ያቺ ሴትዮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታዋርደው የኖረችው በሳሙና ነው። ስትሰማ የምትሆነውን ሊያይ ነው።

ትርሲት ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ነበር። ብልቃጧ ጠረጴዛው ላይ ናት፤ አንገቷ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ቀይ ክር ማለት የሚፈላ ማለት ነው። እሱም ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገራት። የሸዋ ሮቢቱን፣ የማንጎውን ሰልፍ፣ የእናትየውን ሳሙና፣ የወይኑን ከረሜላ። ትንፋሽ አጥሮት መሀል ላይ ሁለት ጊዜ አቋረጠ።

እሷ አልደነገጠችም። ለሌላ ሰው ተናግረው እንደሆነ ጠየቀችው። አልተናገርኩም አላት። ሄዳ በሩን ዘጋች፣ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች።

«አውቃለሁ» አለች።

ማንደፍሮ የሰማውን አላመነም። ምን አልሽ አላት፤ እርስዎ ማለቱ እንኳ ጠፋበት።

«እዚህ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅኩት። ያደግኩት አንኮበር ነው፣ ደጃችን ላይ ሁለት ዛፍ ነበረን። አሥራ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ክረምት ክረምት ስበላ ነው የኖርኩት። ኮክ ሦስትን የሰጡኝ ቀን ሳሙና መሆኑን ባላውቅም ኮክ አለመሆኑን አውቄያለሁ። የቤቱ ሠራተኛ ምስክር መሆን አይችልም። ብችልም አልሆንም ነበር።»

ለምን እንደሆነ አስረዳችው፤ ስታስረዳው ድምፅዋ አይነሳም አይወድቅም። አገሩ ሁሉ ኮክ የሚለው ያንን ነው። ኮክ ከወደቀ ነገ ስለ ወይኑ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ሙዙ ይጠየቃል። እናቶች የሚያምኑት ስሙን ነው፤ ስሙን ካላመኑ ማንኪያውን ያስቀምጣሉ። ማንኪያው በተቀመጠ በሁለት ዓመቱ የድድ ዓመታት ተመልሰው ይመጣሉ። የታናሽ እህቷ ጥርሶች በአንድ ክረምት ሲረግፉ አይታለች። ከዚያ ጋር ሲተያይ ሳሙና ምንም አይደለም አለች።

ማንደፍሮ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ሊጠይቃት የፈለገው ሌላ ነገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ከጆሮው ላይ አልፎ ሄዷል።

«ያን ቀን ያመጣሁት?» አለ። «ኅዳር ዘጠኝ።»

«ኮክ ነበር።»

«ተፍተሽዋል።»

«ሁሉንም አልተፋሁትም» አለች ትርሲት። አሁን እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «እንደጎነጨሁ አወቅኩት። ኮምጠጥ ማለቱ፣ መጨረሻ ላይ መምረሩ ሳይቀር ነበረበት። አርባ ዓመት ያልቀመስኩትን አንድ ጋን አጣቢ በላስቲክ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ያየኛል። ዳግመኛ ተመልሰህ እንዳትመጣ የሚያደርግ ነገር መናገር ነበረብኝ። ከመዝገብህ ላይ አገኘሁት።»

ማንደፍሮ ቁጭ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ስድቡን የተሸከመው በአንድ እምነት ነበር። ሴትዮዋ ስለማታውቅ ነው፤ ስታውቅ ታፍራለች፤ እንድታውቅ ማድረግ የሱ ሥራ ነው። ለዚህ ነበር ቅዳሜዎቹ ሁሉ። አሁን ግን የምታውቅ ሆና ተገኘች። አውቆ የሰደበን ሰው ምን ያሳዩታል? የሚያሳያት ነገር አልነበረውም።

ቆይቶ፣ እንግዲያው መዝግቢያት አላት። ምስክሩ የሳሙና ምስክር ከሆነ የሱ ቃል ብልቃጧን ሊያስፈላት አይገባም አላት። ትርሲት ይህን የጠበቀች ይመስል አንድ ቅጽ ከመሳቢያ አወጣች። ኮክ ተብሎ መመዝገቡ የማይሆን ነገር ነው አለችው። ነገር ግን የፍሬ ስም ለሌለው እርሾ ምስክር አያስፈልግም፤ የሷ ፊርማ ይበቃል። ሰው የወደደውን ስም ያወጣለታል። ባለፈው ዓመት አንዱ በሚስቱ ስም አስመዝግቧል። ቀይ ክሩ ይፈታል፣ ብልቃጧ ማቀዝቀዣ ቤት ትገባለች፣ ከመቶ ዓመት በኋላም በሕይወት ትኖራለች። የሚፈልጋት ቤተሰብም ይወስዳታል።

«ስሟ ምን ቢሆን ኮክነቷ አይቀርም» አለ ማንደፍሮ። ለሷ ሳይሆን ለራሱ ነው የተናገረው። በዚህ ሊጽናና ጀምሮ ነበር።

ትርሲት እስክሪብቶዋን ይዛ ቆየች። 

«ይኼኛው ግን አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ሽማግሌው ያስቀሩትን ቀምሼዋለሁ፤ ይኼኛው ኮክ አይደለም። የያኔው ነበር። ይኼኛውን አጣፍጠኸዋል፤ ምሬቱም የለ፣ መኮምጠጡም የለ። ሽማግሌው ይቀርባል ያሉት ለምን ይመስልሃል? ሳሙናቸውን ነው ያቀረብክላቸው።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «በየጠዋቱ ኮክ ሦስት ትጠጣለህ፤ ግዴታ ነው፣ አልፈርድብህም። ከዚያ በዚያው አፍህ የልጅነትህን ትፈልጋለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ለኮክ ሦስት የቀረበውን እየመረጥክ፣ እውነተኛውን ስትደፋ ኖረሃል።»

ማንደፍሮ ዓይኑን ጨፈነ። ካቡን አየው፣ ቆርቆሮውን አየው፣ የአጎቱን ጋቢ አየው፣ ከጋቢው ሥር የወጣውን እጅ አየው። ፍሬውን ወደ አፉ አስጠጋው። የመጣው ጣዕም ጣፋጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያንሸራትት ነበር። ወደ ድንጋዩ ጠጋ ለማለት ሞከረ። ጣፋጭ ነው። ድንጋዩን ላሰው። ድንጋዩም ጣፋጭ ነው። ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠ፣ ልጅ እየሰረቀ የሚያሸተው ዓይነት ነገር። እሱ ቤት እንዲህ ያለ ሳሙና ገብቶ አያውቅም።

ዓይኑን ሲገልጥ ትርሲት ቅጹን አስተካክላ አስቀምጣለች። የትውልድ ዘመኑን ሞልታለች፣ አድራሻውን ሞልታለች፣ የትምህርት ደረጃ የሚለውን ባዶ ትታዋለች። እስክሪብቶዋ የስም መስመር ላይ ቆሟል።

«አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል» አለች። «የማፍያ ክፍል ልጆች ሊመጡ ነው። ምን ብዬ ልጻፍላት?»

ማንደፍሮ ተነሳ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ሁሉንም እስከ አንገቱ ድረስ። ብልቃጧን አላያትም። በሩን ከፈተና ወጣ። ትርሲት ከኋላው ጥያቄውን ደገመችው፤ እርስዎ ብላ፣ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ጠርታ ደገመችው። እሱ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ እየወረደ ነበር፤ ሁለተኛ ፎቅን አልፎ፣ አንደኛውን አልፎ፣ ዘበኛው መታወቂያውን ሲመልስለት አንገቱን ብቻ ነቅንቆ፣ ወደ መንገዱ ወጣ።